የማርያም ብልቃጥ

ይታዬ፣

ከተለየሽኝ ሦስት ዓመት ሞላ። ሙት ዓመትሽን በጥር ሥላሴ አወጣን። ቄሶቹ ፍትሐቱን አደረሱ፤ ሰዉም በላ፣ ጠጣ፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ ወደየቤቱ ሄደ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ድካሜ አልወጣልኝም። እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ። በደህናው ዘመን ከባሕር ዳር አንድ ደብዳቤ ብልክልሽ «ይሄ ደብዳቤ ነው የላቦራቶሪ ሪፖርት?» ብለሽ ለጎረቤት ሳይቀር አንብበሽ ስቀሽብኛል። እንግዲያው ይህንንም እንደ ሪፖርት ተቀበይው። የሆነውን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። መንገዳችን ድንጋይ ተነጥፎለት ባጃጅ እስከ በራችን ይመጣል። በራችን ላይ ቆሞ ጥሩንባ የሚነፋውን ሁሉ ወጥቼ እቆጣለሁ፤ ሰፈሩ ለምዶኛል። ጎረቤቶች ፀሐይ ከለከለን ስላሉ የአጥሩን ጽድ አስቆርጫለሁ። ሆስፒታሉ አዲስ የኦፕራሲዮን ክፍል ሠርቷል፤ አብረውሽ ከሠሩት ነርሶች ግማሾቹ ግን ወደ አዲስ አበባ ሄደዋል። ሽሮ መሥራት ተምሬያለሁ። ዱቄቱንም ውሃውንም ለክቼ ነው የምሠራው፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይወጣል፣ ሁልጊዜም አይጥምም። ልብሶችሽን እናትሽ ወስደው ለደብሩ ድሆች ሰጥተዋል። ነጭ የሥራ ጫማሽን ግን አልሰጠሁም።

ሥራዬን አላቆምኩም። አንዳንዴ ማቆም የነበረብኝ ይመስለኛል።

ሥራው ያንቺ ጥያቄ ነበር። በአንድ መስከረም ከሮብ ገበያ ማዶ አንዲት ሴት ወደ ሆስፒታል መጣች። ሆዷ የተሰፋው በሰኔ ነው፤ ክሩ እንዲወጣላት ተመለሽ ተብላ ነበር። ወንዙ ሞላ፣ እርሻ ሆነ፣ ልጆቿን የሚይዝላት አጣች፤ ሳትመለስ ክረምቱ አለፈ። ሥጋዋ ክሩን ውጦ አብጦ ነበር። አንቺ ክሩን ከሥጋዋ ውስጥ ስትለቅሚ ዋልሽ። እሷም በሕመሟ መሐል «በሬ ብሆን ኖሮ እስካሁን ልሼ አወጣው ነበር» ብላ አስቃሻለች። ቤት ገብተሽ ይህን እየሳቅሽ ነገርሽኝ፤ ከዚያ ሳቁ ድንገት ተቋረጠና ወንበሩ ላይ ጫማሽን ሳታወልቂ ተቀመጥሽ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ኬሚስትሪ ስትማር፣ ሥራውን ሲጨርስ ራሱ የሚሄድ ክር መሥራት አቃታችሁ?» አልሽኝ።

«አለ እኮ። ከውጭ ይመጣል።»

«ሲመጣ አይቻለሁ፤ አምና አንድ ካርቶን። እሱም ደረቅ ነው። ሴትዮዋ ስታስል፣ እንስራ ስታነሳ ሥጋዋን ይቆርጠዋል። ከሰው ጋር የሚለጠጥ፣ ከሰው ጋር የሚመለስ፣ ሲበቃው የሚጠፋ። እሱን ሥራልኝ።»

ተቆጣሁ። ሳይንስ እንደ ገበያ ዕቃ አይታዘዝም አልኩሽ። «እንግዲያው ምን ልታደርግልን ተማርክ?» ብለሽ ተነሥተሽ እጅሽን ልትታጠቢ ሄድሽ። እኔም ንዴቴ እስኪበርድ ማንበብ ጀመርኩ፤ አንብቤ ሳበቃ ንዴቴ ወደ ሌላ ቦታ ዞረ። ምክንያቱም ነገሩ አለ። የሚሠራውም ከሁለት ነገር ነው። አንዱ አንቺ በበጋ እጅሽ ሲሰነጣጠቅ የምትቀቢው ግሊሰሪን ነው። ሌላው ከጉሎ ዘይት የሚወጣ አሲድ ነው፣ ነጭ ዱቄት። ሁለቱ አብረው አየር በሌለበት ምድጃ ሁለት ቀን ሲበስሉ የማር ቀለም ያለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ነገር ይሆናሉ። ሰው ገላ ውስጥ ሲገባ ደግሞ እንደ ሳሙና ከላይ ከላዩ እያለቀ ይሄዳል። የፈረሰውንም ገላ አያባርረውም፤ እንደ ምግብ ይጠቀምበታል።

ከሉማሜ ወደ ታች፣ ወደ ዓባይ ሲወረድ ጉሎ በየአጥሩ ሥር ፍሬውን አራግፎ ይበሰብሳል። እኔ ግን ከዚያው ከጉሎ የወጣውን ዱቄት ከባሕር ማዶ አዝዤ፣ የአንድ ዓመት ፊርማ አሰባስቤ፣ በጉምሩክ አስለቅቄ ነው የማገኘው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ዱቄቱ ሲገኝ ደግሞ መብራት ይጠፋል። ሁለት ቀን መብሰል ያለበት በመጀመሪያው ሌሊት ይቀዘቅዝና ጠዋት ስከፍተው እጅ ላይ የሚጣበቅ ሙጫ ሆኖ ይጠብቀኛል። ስንቱን እንደጣልኩ አንቺ ታውቂያለሽ።

የመጀመሪያው ደህና የወጣው አንቺ ከተኛሽ በኋላ ነው። አልጋሽ ድረስ አመጣሁልሽ። እጅሽ ከስቶ ነበር፤ ግን በሁለት ጣት ይዘሽ ሳብሽው፣ ለቀቅሽው። «ይመለሳል እኮ!» አልሽ። እኔ ደስታሽን እያየሁ ልኮራ ስል፣ እንደ ሥራ ቦታሽ ፊትሽን ቋጠር አድርገሽ «ስንት ጊዜ ይቆያል? ቶሎ ከሄደ ቁስሉ ይከፈታል፣ ከዘገየም ያው ነው» አልሽኝ። አላውቅም አልኩሽ። «እንግዲያው ገና ነህ» ብለሽ መለስሽልኝና ዓይንሽን ጨፈንሽ።

ሦስት ዓመት ሙሉ «ገና ነህ» የሚለው ቃልሽ አብሮኝ ነው የሚውለው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው በትዕግሥት ብቻ ነው። ጥብጣብ ጥብጣብ አድርጎ ቆርጦ፣ እንደ ሰው ገላ በሞቀ የጨው ውሃ ነክሮ፣ በቀጠሮው ቀን እያወጡ አድርቆ መመዘን ነው። በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህን ማድረግ አልቻልኩም። ዘበኛው ታዟልና አርብ ሲመሽ ቆጣሪውን አውርዶት ይሄዳል፤ ሰኞ ስመጣ ውሃው እንደ ምንጭ ውሃ ቀዝቅዞ ይቆየኛል። ተከራከርኩ፣ ጻፍኩ፣ ጮህኩ። በመጨረሻ ሁሉንም ይዤ ወደ ቤት መጣሁ። በትንሿ ክፍል ውስጥ የእንጨት ሳጥን አስቀመጥኩ፤ ውስጡ አምፖልና ቴርሞሜትር አለ። መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቼ በጋቢ ጠቅልዬ ከጎናቸው አኖራለሁ።

ብልቃጦቹን እንዴት እንደሰየምኳቸው ብታዪ ትስቂ ነበር። አንቺ ለገጠር በሽተኞች ቀጠሮ ስትሰጪ «ለአሥራ ሁለት» አትዪም ነበር፤ «ለሚካኤል ነይ» ነበር የምትያቸው፤ እነሱም አይረሱም። እኔ ደግሞ ይህ ሆስፒታል ነው ደብር ብዬ እቀልድብሽ ነበር። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ግን እጄ ራሱ እንደዚያ መጻፍ ጀመረ። ጥብጣቦቹን በታኅሣሥ ልደታ ነከርኳቸው። በየብልቃጡ ላይ የሚከፈትበትን ቀን ጻፍኩ፦ አቦ፣ ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ መድኃኔዓለም፤ ከዚያ የጥሩ ሥላሴ፣ በመጨረሻም የጥሯ ማርያም። ከገብርኤል እስከ መድኃኔዓለም ከሳምንት አንድ ቀን ይተርፋል፤ እሱን በስሌቱ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

የመጨረሻው ዱቄት ነበር። ከዚያ ሌላ የለም። በጥር መጨረሻ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ተሰብስቦ የምሠራበት ክፍል ለኔ ይቀጥል ወይስ ለሌላ ሥራ ይዋል የሚለውን ይወስናል ተባለ። እነዚህ ብልቃጦች ካልመለሱልኝ ያንቺ ጥያቄ እዚያው ይቀራል ማለት ነበር።

አቦንና ሚካኤልን በቀናቸው ከፈትኩ፤ ጥሩ ነበሩ።

እናትሽ የመጡት በሚካኤል ዋዜማ ነው። የሙት ዓመቱን ጠላ ራሳቸው ካልጠመቁ እንደማይሆንላቸው ታውቂያለሽ። ገብስ፣ ጌሾ፣ ብቅል ጭነው ከሮብ ገበያ መጡ። ቆብ ከጫኑ ወዲህ እማሆይ ነው የምላቸው። በመሐላችን ልጅ የለ፤ የሚያገናኘን አንቺ ብቻ ነበርሽ፣ አሁን ደግሞ አንቺ የለሽም። ስለዚህ አንድ ቤት ውስጥ ስንሆን ሁለታችንም በጥንቃቄ ነው የምንራመደው። እንደ ልማዳቸው በትንሿ ክፍል ተኙ። «እማሆይ፣ ሳጥኑን ብቻ አይንኩብኝ» አልኳቸው። ሌላ ምንም አላልኩም። በማግሥቱ የሚካኤልን ብልቃጥ ከፍቼ፣ መዝኜ፣ ተማሪ ልፈትን ወደ ባሕር ዳር ሄድኩ። መብራት ሲጠፋ ጎረቤታችን ሙቅ ውሃ እንድታደርግልኝ ለምኛት ነበር፤ ለእማሆይ ግን አልነገርኳቸውም።

ብልቃጡን ልከፍት በገብርኤል ዕለት ተመለስኩ። ግቢው ተጠርጓል፤ ጌሾው ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። መስኮቱ ላይ ሦስት ብልቃጦች ታጥበው፣ እንደ ብርጭቆ ተደፍተው ውሃቸውን ያንጠባጥባሉ። ገብርኤል፣ መድኃኔዓለም፣ ሥላሴ።

እናትሽ ከጓዳ ብቅ አሉ። ፊታቸው ፈክቷል። ካንቺ ወዲህ እንደዚያ አይቻቸው አላውቅም።

«እንኳን ለገብርኤል አደረሰህ፣ ልጄ» አሉኝ። «ምነው ሳትነግረኝ? ይህን ሁሉ ጸበል ከየደብሩ ሰብስበህ ለሷ ሱባኤ ይዘህ፣ ለኔ ‹አይንኩብኝ› ትለኛለህ?»

በሚካኤል ጠዋት አይተውኝ ኖሯል። እህል ሳልቀምስ እጄን ታጥቤ፣ ሳጥኑን ከፍቼ፣ አንገቴን ደፍቼ ቴርሞሜትሩን ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ «ሚካኤል» የሚለውን ብልቃጥ በሁለት እጄ ይዤ ወጣሁ። እሳቸው በበሩ ሥንጥቅ ሆነው አማተቡ።

«እኔማ ሰው ተማረ ተማረና ከእግዜር ራቀ ስል ነበር» አሉኝ። «ለካ ደብቀህ ነው!»

እኔ በሌለሁበት ሳምንት በየማለዳው ጠጥተውታል። የቀረውን በቤቱ ማዕዘን ሁሉ ረጭተዋል፤ አልጋሽ የነበረበትን ቦታ ሁለት ጊዜ። «የገብርኤሉ ጨው ጨው ይላል፤ ኃይለኛ ነው» አሉኝ፣ እንደ ባለሙያ።

ይታዬ፣ መርዙ ትዝ አለኝ። እንዲህ ያለ ውሃ እንዳይሻግት የሚጨመርበት መርዝ አለ፤ ከሱ ጥቂቱ ሰው ይገድላል። ያን መርዝ አዝዤ ነበር። ግዢ ክፍሉ ወረቀቴን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲያንከባልል ከርሞ አላመጣልኝም፤ እኔም እየሰደብኳቸው ብልቃጦቹን ቀቅዬ ያለሱ ጀመርኩ። እናትሽ በሕይወት ያሉት በዚያ ስንፍና ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የረገምኩትን ክፍል ማመስገን ነበረብኝ፤ ይህም ሌላ ንዴት ሆነብኝ።

«ውስጡ የነበረውን የሰም ቁራጭ ግን አልጣልኩትም» አሉ እናትሽ። «ጸበል የነካውን ነገር እግር በሚረግጠው ቦታ አይጥሉትም።» የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አሳዩኝ። የማር ቀለም ስላላቸው የጧፍ ቁራጭ መስለዋቸዋል። ዘጠኙም ጥብጣቦች ታጥበው፣ ደርቀው፣ በአንድ ቋጠሮ ታስረው ነበር።

«ማርያምን ግን አልነካኋትም» አሉ ቀጥለው። «ለሙት ዓመቷ ብዬ ነው። መቃብሯ ላይ እረጫታለሁ፤ ሰዉም ይጠበልባታል።»

ዞሬ ወጣሁ። ጎረቤታችን በሩ ላይ አግኝታኝ «እማሆይ እህል መብላት ጀመሩ እኮ!» አለችኝ፣ ምሥራች እንደሚነግር ሰው። ካንቺ ወዲህ በቀን አንዴ፣ እሱንም በለቅሶ አጣብቀው ነበር የሚውጡት። መብላት የጀመሩት የኔን የጨው ውሃ ጠጥተው ነው።

ከዚያ ወደ ትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ሄድኩ። ተማሪዬ የነበረ ልጅ ነው፤ አሁን እኔ ፈቃድ የምጠይቀው እሱን ነው። ነገሩን ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቁን መያዝ አቃተው፤ ከዚያ ፊቴን አይቶ ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«ጋሼ፣ መልሰው ይንከሯቸው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቀናቸው ሲደርስ ያወጧቸዋል። ማን ያያል?»

«ደርቀዋል። ታሽተዋል። ሳምንት ሙሉ በነጠላ ታስረው ከርመዋል።»

«ታዲያ ባዶ እጅዎን ኮሚቴ ፊት ሊቀርቡ ነው? ክፍሉን ወንበር ማከማቻ ሊያደርጉት ነው እኮ የፈለጉት!»

ለኔ አስቦ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ተነሥቼ ጮህኩበት፤ ኮሪደሩ ሁሉ ሰማ። ወረቀት ላይ የተዋሸ ቀን ሰው ሆድ ላይ ይከፈታል አልኩት። አንድ ሐኪም የኔን ቁጥር አምኖ ይሰፋል፤ ሴትዮዋ ወደ ቆላ ወርዳ እንስራዋን ታነሳለች፤ ያኔ እኔም አንተም እዚያ አንኖርም አልኩት። በሩን ዘግቼበት ወጣሁ። የጮህኩት ከንዴት ብቻ አልነበረም፤ ያቀረበልኝን ነገር ለአንድ አፍታ ተመኝቼው ስለነበር ነው።

ቤት ስደርስ ሌላ ውሸት ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ለእናትሽ «ማርያምን ለስእለት ነው ያስቀመጥኳት» ብላቸው ያምኑኛል። ብልቃጧም ትተርፋለች፣ ጸበሉም ጸበል እንደሆነ ይቀራል፣ እሳቸውም ይበላሉ። ማንም አይጎዳም። ለቀናት ይህን ይዤ ዞርኩ። በዚያ ልጅ ላይ ጮሄ ወጥቼ ይህን ብል ግን ጩኸቴ ምን ነበር?

የገና ሰሞን እማሆይ ጌሾ ሲለቅሙ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እማሆይ፣ የጠጡት ጸበል አይደለም።»

እጃቸው ቆመ። «አበስኩ ገበርኩ! ታዲያ ምንድን ነው?»

«የጨው ውሃ ነው።»

«ብቻ?»

«ብቻ። የነከርኩትም ሰም አይደለም። እኔ የሠራሁት ላስቲክ ነው።»

«ላስቲክ ነክረህ ነው በባዶ ሆድህ አንገትህን ደፍተህ የምትቆምለት?» አሉኝ። ስድብ አልነበረም፤ በእውነት ሊገባቸው ፈልገው ነው። ጌሾውን አንሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ያን ምሽት ራት አልበሉም። በማግሥቱም ምሳ አልበሉም። መሶቡ እንደተከደነ ሳየው፣ እውነት መናገር ለተናጋሪው ብቻ የሚያምር ነገር ይሆን እንዴ ብዬ አሰብኩ።

በሦስተኛው ቀን ራሳቸው ጠየቁኝ። «ለምንድን ነው የሚሆነው ያ ላስቲክ?»

የዚያችን ሴት ነገር ነገርኳቸው። ክሩን፣ ክረምቱን፣ የበሬውን ቀልድ ሳይቀር። የጠየቀችኝ ልጅዎ ናት አልኳቸው።

«እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

«እስካሁን ነው የምትመልስላት?»

«እስካሁን ነው።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆዩ። «በል እንግዲያው ማርያምን አትክፈታት» አሉ። «ቀኗ ይድረስ።» ተነሥተው መሶቡን ከፈቱ። ለኔም ቆርሰው አጎረሱኝ፤ እጃቸው ከበድ ያለ ነበር፣ እንደ ቅጣት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መብራት ሲጠፋ ከኔ ቀድመው ይሰማሉ። ሙቅ ውሃውን ራሳቸው ያፈላሉ፤ «ቀዝቅዛለች፣ ተነሥ!» እያሉ ይቀሰቅሱኛል። ቴርሞሜትር ማንበብ አስተማርኳቸው፤ ሲማር እንደሚቆጣ ተማሪ ነበሩ። ለሙት ዓመትሽ ደግሞ ወደ አገራቸው ሰው ልከው እውነተኛውን ጸበል በጀሪካን አስመጡ። ጠዋት ሰው ሳይሰበሰብ አንድ ኩባያ ቀድተው ይዘውልኝ መጡ። «ይሄኛው ጨው የለውም፤ አይዞህ ጠጣ» አሉኝ። ጠጣሁ። ላንቺ ነው የጠጣሁት፤ ለሌላ ነገር ብዬ ነው ብልሽ እዋሻለሁ።

የማርያም ዕለት ብልቃጧን ይዘን በባጃጅ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄድን፤ አልቀርም ብለው ነው። ቤተ ሙከራው ውስጥ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው አዩ። ጥብጣቦቹን አውጥቼ፣ አድርቄ፣ መዘንኩ። ጥቂት ሳስተዋል። ግን አልተበጣጠሱም፣ አልተጣመሙም፤ ዙሪያቸውን እኩል ነው ያለቁት። አንዱን ሳብኩት፤ ተመለሰ።

«ታዲያ ጠፋ ወይስ አልጠፋም?» አሉ እናትሽ።

«እየጠፋ ነው፤ ግን አልደከመም።»

«እንዲህ ያለ ሰው ይስጠን» አሉና ወጡ።

በጥር መጨረሻ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። መነሻውን፣ አቦን፣ ሚካኤልን፣ ከዚያ ማርያምን አሳየሁ። መሐሉ ባዶ ነበር። በቤቴ በደረሰ ስሕተት ሦስቱ ጠፍተዋል አልኩ፤ የማን ስሕተት እንደሆነ ሲጠይቁኝ የኔ ነው አልኩ፤ ደግሞም የኔ ነው፣ ነገሩን አስረድቼ መሄድ እችል ነበር። ከመሐላቸው አንዱ በትዕግሥት «መስመሩ እኮ ይታያል፤ መሐሉን በግምት መሙላት ይቻል ነበር» አለኝ። መሙላት ይቻላል፤ እኔ ግን አልሞላሁም አልኩት። አመሰገኑኝ። በማግሥቱ ቁልፉን እንዳስረክብ ነገሩኝ። አሁን ክፍሉ ውስጥ ወንበር ተደራርቧል። የምድጃው በር ላይ አንድ የተሰበረ ጥቁር ሰሌዳ ተደግፏል፤ በመስኮት አይቼው ተመለስኩ።

እናትሽ ለዐቢይ ጾም ወደ አገራቸው ሄዱ። ሲሄዱ ሳጥኑን እንዳልበትነው አስጠነቀቁኝ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። እሳቸው ሳሉ የተመኘሁት ጸጥታ ነበር፤ አሁን አልወደድኩትም።

ለጥያቄሽ መልስ ይኸውልሽ። ቁስል እስኪጋጠም ይቆያል ብዬ እገምታለሁ። ግምት ነው፤ ውጤት አይደለም። ስለዚህ ባንቺ ቋንቋ ገና ነኝ።

የማልችለውን ቃል አልገባልሽም። ክሩን ሠርቼ እጨርሳለሁ አልልሽም፤ ክፍል የለኝም፣ ዱቄት የለኝም፣ ጉልበቴም የበፊቱ አይደለም። የምችለውን ልንገርሽ። ሰዎች ስላንቺ ሲያወሩ እሰማለሁ፤ ተቆጥታ አታውቅም፣ ታማ እንኳ አጉረምርማ አታውቅም ይላሉ። ታጉረመርሚ ነበር። ትቆጪ ነበር፤ በኔ ላይ በተለይ። አንቺንም ለማሳመር ብዬ የሌለሽን ነገር አልጨምርብሽም፤ አስቸጋሪ የነበርሽበትንም አልቀንስልሽም። እየረሳሁት ያለሁ ነገር አለ፤ ስትስቂ ድምፅሽ እንዴት ይጀምር እንደነበር ከጆሮዬ እየሄደ ነው። እሱን ሳጣው ቦታውን ባዶ እተወዋለሁ፤ የሌላ ሰው ሳቅ አላስገባበትም።

ባልሽ